ሁለት እድፍ ከአንድ አፍ

ሰይፈ የሞተው ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በኮንትራት ሚኒባስ የኋላ ወንበር፣ ጋቢውን እስከ ግንባሩ ተከናንቦ ነው። የትኛው መታጠፊያ ላይ ነፍሱ እንደወጣች የሚያውቅ የለም። ቡሬ ሲደርሱ ሚስቱ ልትቀሰቅሰው ጋቢውን ገለጥ ብታደርገው ከንፈሩም ጥርሱም ምላሱም ጠቁሮ ሰማያዊ ሆኗል። ከዚያ በኋላ የሆነው ጩኸት ነው። በጩኸት መሃል ደግሞ እውነት አይሰማም፤ ይህን ለማወቅ ፖሊስ መሆን አያስፈልግም።

ስልኩ ሲደወል ኢንስፔክተር ገላነሽ ፍኖተ ሰላም ባለው ቢሮዋ ውስጥ ጫማዋን አውልቃ፣ ያበጠ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ነበር። ዕድሜዋን ሬሳ ስታይ የኖረች ሴት ናት። ጡረታ ጠይቃ «ምትክ እስኪገኝ» ከተባለች ከርማለች፤ ምትኩ ከየት እንደሚመጣ እግዜር ይወቅ።

«ማን ሞተ ደግሞ?» አለች።

«ሰይፈ የሚባል የቡሬ ገበሬ ነው» አላት የቡሬው ተረኛ ፖሊስ። «ዛሬ እዚያው እናንተ ከተማ ኢንዶስኮፒ የሚሉት የጉሮሮ ምርመራ ተደርጎለት ሲመለስ መኪና ላይ ሞተ። አፉ ሰማያዊ ሆኗል። ሐኪሟ መርዝ አጠጣችው እየተባለ ነው። ዶክተር ፀደይ ናት።»

«ልጅቷን አሁኑኑ እዚህ አስመጣታለሁ። እንዳይገድሏት።»

«እሷን እንኳ አይነኳትም። የሟች ወንድም ቸኮለ በአደባባይ ምሏል። ‹ሴት አልገድልም፤ ወንድም አላት› ነው ያለው። እውነትም እዚሁ ቡሬ የሚያስተምር ወንድም አላት፤ ንብረት ይባላል።»

ገላነሽ እግሯን ከወንበሩ አወረደች። እንዲህ ያለ መሐላ ስንቱን ቤት እንደዘጋ ታውቃለች። «ንብረትን የሆነ ሰው ቤት አስገቡት። በሩን ከውስጥ ይዝጋ» አለችና ጫማዋን በእግሯ ትፈልግ ጀመር።

ዶክተር ፀደይ ስትመጣ ነጭ ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም። ከተቀመጠች በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ «እኔን እሰሩኝ፣ ወንድሜን ግን ደብቁልኝ» የሚል ነበር።

«ተደብቋል። አይዞሽ ልጄ። አሁን ለሰውየው ምን እንዳደረግሽለት ንገሪኝ።»

«ምግብ ስውጥ ይተናነቀኛል ብሎ ነው የመጣው። ጉሮሮውን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ረጨሁለት፤ ትንሽ የሚያስተኛ መርፌ ወጋሁት። ከዚያ በአፉ ካሜራውን አስገብቼ የምግብ ቧንቧው ላይ ቀለም ረጨሁ።»

«ቀለም ለምን?»

«አዮዲን ነው። ጤነኛው ሥጋ ቀለሙን ይጠጣና ቡናማ ይሆናል። የታመመው አይጠጣም፤ ነጥቶ ይቀራል። ያለ ቀለም ብታዪው… ይቅርታ፣ ቢያዩት፣ ሁሉም አንድ ይመስላል።»

«አገኘሽበት ታዲያ?»

«ጥፍር የምታህል ቦታ ነጥታ አገኘሁ። ገና ጅምር ናት። ቆንጥሬ ለምርመራ ልኬ ነበር።» ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «በጊዜ ነው የመጣው እኮ። ይድን ነበር።»

«ሰማያዊ ቀለምስ የለሽም?»

«ሌላ ዓይነት አለ፤ እኛ ጋ ግን ካለቀ ቆይቷል። የረጨሁት ቡናማውን ነው። አዮዲን ለብቻው እንዲያ አይሆንም። ከየት እንደመጣ እኔም ራሴን እየጠየቅሁ ነው፤ ጭንቅላቴ አልሠራ አለኝ።»

«ሲወጣስ ምን አልሽው?»

«ድንዛዜው እስኪለቅ ምግብም ውሃም እንዳይቀምስ። ለሚስቱም ለወንድሙም ደጋግሜ ነገርኳቸው። እንዲያውም እዚሁ ይተኛ ብዬ ነበር። ወንድሙ ግን ‹መንገዱ ሳይመሽብን› አለ። አጥብቄ አልከለከልኩም። ታክቶኝ ነበር፤ በሩ ላይ ገና ብዙ ሕመምተኛ ነበር።»

«ያልታከተው ማን አለ» አለች ገላነሽ። ከክሊኒኩ ያስመጣችውን የአዮዲን ብልቃጥ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወደ ቡሬ ሄደች።

የቡሬው ሆስፒታል ግቢ በሰው ተሞልቷል። ሬሳው ውስጥ ነው፤ ዘመዶቹ ግን «ሬሳችን አይቀደድም» ብለው በሩ ላይ ቆመዋል። ገላነሽ አልተከራከረቻቸውም። ተከራክራ የረታችበት ቀን ትዝ አይላትም።

መጀመሪያ ያገኘችው ሾፌሩን ላቀውን ነው። የመኪናውን መስታወት በደረቅ ጨርቅ ይወለውላል፤ የሚወለወል ነገር ግን አልነበረውም።

«ማን የት ተቀምጦ ነበር?»

«የንስሐ አባታቸው መምሬ ሀብተሚካኤል ጋቢና፣ ሚስትየዋ ሠርክአዲስ መሃል፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ኋላ። ሟች መስኮቱን ተደግፎ ነበር።»

«መንገድ ላይ ምን በላ?»

«ኧረ ምንም! መኪናዬ ላይ ማንም አልበላ። ፍርፋሪ እንደማልወድ የቡሬ ሰው ሁሉ ያውቃል።»

«ድምፅ አልሰማህም?»

«መዝሙር ከፍቼ ነበር። አንዴ የሳለ መሰለኝ፤ ከዚያ ዝም አለ። ‹እንቅልፍ ወሰደው፣ እሰየው› አለ ቸኮለ።»

«ወንድማማቾቹ ይዋደዱ ነበር?»

ላቀው ጨርቁን አጠፈ። «በመስኖዋ መሬት ተኳርፈው ሁለት ክረምት ተዘጋግተው ኖረዋል። በሽታው ነው ያስታረቃቸው። መቼም ሰው የሚታረቀው ሲጨንቀው ነው።»

«ሬሳውንስ ማን አወረደ?»

«እኔና መምሬ፤ ሠርክአዲስ ራሱን ደግፋ። ቸኮለማ ያን አፍ ሲያይ ከመኪናው ዘሎ እየጮኸ ወደ ከተማ ሮጠ። ከዚያ ወዲያ ሬሳው አጠገብም አልደረሰ።»

ሠርክአዲስ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷን ነጭታ ደምቷል። ገላነሽ እግሯ እያቃሰተ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«እግዜር ያጥናሽ እህቴ። ነጠላሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ሠርክአዲስ የነጠላዋን ጫፍ እንደ አዲስ ነገር አየችው። እድፉ ቡናማ ነው። «ከክሊኒኩ ስንወጣ በአፉ ጥግ ወረደ። እኔ ነኝ የጠረግሁለት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መኪና ውስጥ ጋቢውን አለበስኩትና ተኛ። ምንም አልቀመሰም። ውሃ እንኳ! በልጆቼ እምልልሻለሁ።»

ሴትዮዋ አልዋሸችም። ገላነሽ ውሸት ሲነገር ጥርሷን የሚያሳክካት ነገር አላት፤ አሁን አላሳከካትም። ችግሩም ይኸው ነበር።

ቸኮለ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ዓይኑ ቀልቶ፣ ጋቢው ከአንድ ትከሻው ወርዶ። ጠመንጃውን የት እንዳስቀመጠው ጠይቃው አልነገራትም። የጋቢው ጥለት ላይ ግን ሦስት የጣት አሻራ ይታያል፤ የጠቆረ ሰማያዊ።

«ይሄ ምን ነክቶት ነው?»

«ያ መርዝ ነዋ! ወንድሜን ሳነሳው ነክቶኝ ይሆናል።»

«ከክሊኒክ ያጣደፍካቸው አንተ ነህ አሉ።»

«እና? እኔ ገደልኩት ልትዪ ነው?» ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰ። «ሁለት ክረምት ሙሉ ወንድሜን ሳላናግር የኖርኩ እኔ ነኝ። ያን ያህል ዘመን በከንቱ! አሁን ታረቅን ብዬ ገና ሳልጠግበው…» ፊቱን አዞረ። «የሰይፈ ደም ሜዳ ላይ አይቀርም። እናንተ ሕግ ሕግ ስትሉ እሷ አዲስ አበባ ትገባለች።»

«አንድ ቀን ስጠኝ።»

«እስኪቀበር። አፈር ካለበስኩት በኋላ ማንንም አልሰማም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ገላነሽ ቀብሩ ነገ መሆኑን አስባ እጇን አወናጨፈችና ሄደች። ይህን ሰው መጥላት አቅቷት ነበር፤ ይህም አናደዳት።

መምሬ ሀብተሚካኤልን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ መቁጠሪያቸውን ሳይሆን ትንሽ የጨርቅ ቋጠሮ ይዘው አገኘቻቸው። መስቀላቸውን ተሳለመች።

«መምሬ፣ እርስዎ እንኳ ይንገሩኝ። ሰይፈ ከምርመራው በኋላ ምግብ ቀምሷል?»

«አልቀመሰም ልጄ። እንደ ጾመኛ ነው የሄደው፤ እሱስ ለነፍሱ መልካም ነው።» ተነፈሱ። ግቢው ውስጥ አንዲት ሕመምተኛ ሴት በምርኩዝ ስታልፍ ጠሯትና ቋጠሮውን ፈቱ። ከድፎ ዳቦ ቆረስ አድርገው በእጇ አኖሩላት። ለገላነሽም ዘረጉላት። «ትናንት የሚካኤል ዝክር ነበር። ጸበል ጻዲቅ ነው፤ ቅመሺ።»

ገላነሽ በሁለት እጇ ተቀብላ ጉንጯ ውስጥ ከተተችው። ተነሥታ ወደ ሆስፒታሉ ሐኪም ክፍል ሄደች። ሐኪሙ ቀና ብሎ አያትና ሳቅ እንደ ማለት አለ።

«ፊትዎ ገርጥቷል ኢንስፔክተር። ምሳ በሉ?»

«ኧረ ምንም አልቀመስኩ» አለች ገላነሽ።

አለችና ቆመች። ዳቦው ገና ጥርሷ መሃል ነበር።

እየዋሸች አልነበረም። ጥርሷም አላሳከካትም። ጸበል ጻዲቅን ማን ምግብ ብሎ ቆጥሮ ያውቃል? በረከት ነው። ያ ሾፌር፣ ያቺ ሚስት፣ እኒያ ቄስ፣ ሁሉም ልባቸውን ንጹሕ አድርገው «ምንም አልቀመሰም» ብለዋታል። የተሳሳተችው እሷ ናት፤ የተሳሳተው ጥያቄዋ ነው።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ዱርቤቴ ተማሪ ሳለች፣ የሳይንስ መምህራቸው የተላጠ ድንች ላይ ቡናማ አዮዲን ጠብ ሲያደርግበት ድንቹ ቀለም እንደተደፋበት ሲጠቁር ያየችው ትዝ አላት። ያኔ ልጆቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ «እረግ!» ብለው ነበር።

«ዶክተር፣ ሬሳውን ሳትቀድ፣ በመብራት ብቻ ጉሮሮውን ታይልኛለህ? የምግብ ቧንቧው ላይ ሳይሆን የአየር ቧንቧው አፍ ላይ።»

ዘመዶቹ ለዚያ እሺ አሉ። ሐኪሙ ገብቶ ሲወጣ መነጽሩን አውልቆ ነበር። «አለ» አላት። «ጥቁር ሰማያዊ የሆነ የዳቦ ጉርሻ። ተወትፏል።»

ገላነሽ መልስ በማግኘቷ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። አላላትም። የሠርክአዲስን ነጠላና የቸኮለን ጋቢ እድፍ በልቧ ጎን ለጎን አስቀመጠች። ብትናገር አንድ ሰው ትሰብራለች። ባትናገር ደግሞ ነገ ከቀብር መልስ አንድ የማያውቅ አስተማሪ ይገደላል። ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች፤ ሲነጋም ሦስተኛ መንገድ አላገኘችም።

በማግስቱ ረፋድ ሬሳው ሊወጣ ሲል፣ ግቢው ውስጥ ካለው ጽድ ሥር ሰበሰበቻቸው። መምሬ፣ ሠርክአዲስ፣ ላቀውና ቸኮለ ነበሩ። ዶክተር ፀደይን በፖሊስ መኪና አስመጥታ ከጎኗ አቆመቻት። ቸኮለ ልጅቷን ሲያይ መሬቱ ላይ ተፋ።

«ለቀብር መቸኮላችሁን አውቃለሁ» አለች ገላነሽ። «አላስቆማችሁም። መምሬ፣ ከትናንቱ ዳቦ ተርፎዎታል?»

«ቁራሽ አለች።»

«ያውሱኝ። የተባረከ ነገር ላይ ለማደርገው ነገር ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታ» አሉ ግራ እየተጋቡ።

ብልቃጡን ከቦርሳዋ አወጣች። «ይህ ዶክተር ፀደይ የረጨችለት ቀለም ነው። አዮዲን ይባላል። ዳስሱት፣ እዩት፤ ቡናማ ነው። ሠርክአዲስ ከክሊኒክ ስትወጣ የባሏን አፍ የጠረገችበት ነጠላ ይኸው፤ እድፉ ቡናማ ነው። እስከዚያ ድረስ አፉ ውስጥ ሌላ ነገር አልነበረም ማለት ነው።» ከዚያ ዳቦው ላይ ጠብ አደረገችበት።

ዳቦው ጠቆረ። ጥቁር ሰማያዊ ሆነ። ሠርክአዲስ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ላቀው «በስመአብ» ብሎ አማተበ።

«አፉን ሰማያዊ ያደረገው መርዝ አይደለም። ቀለሙ ዳቦ ሲያገኝ ነው እንዲህ የሚሆነው። ሐኪሙ ትናንት በመብራት አይቶታል፤ የአየር ቧንቧው ላይ ዳቦ ተወትፎ ነበር። ጉሮሮው በመድኃኒት ደንዝዟል፤ ምራቁን መዋጥ እንኳ የማይሰማው ሰው ነበር። ታንቆ ነው የሞተው።»

«ምንም አልበላም እያልንሽ!» አለ ላቀው። «እኔ ራሴ…»

«አንተ ራስህ መኪናህ ውስጥ ከመምሬ እጅ ቁራሽ አልተቀበልክም?»

«ጸበል ጻዲቅማ… እሱ ምግብ ነው እንዴ?»

«እኔም ትናንት ምግብ አልመሰለኝም» አለች ገላነሽ። «ማናችሁም አልዋሻችሁም። መምሬ፣ ዳቦውን እንዴት እንዳደሉ ይንገሯቸው።»

መምሬ የጠቆረውን ዳቦ አዩ። «ቆርሼ… ለላቀው ሰጠሁ። የቀረውን ለሠርክአዲስ ወደ ኋላ አቀበልኩ።»

«እኔ የኔን ቀመስኩ» አለች ሠርክአዲስ ቀስ ብላ። «ሁለቱን ቁራሽ ወደ ኋላ አቀበልኩ። አንዱ የሰይፈ ነበር፤ ሲነቃ ይቀምሰዋል ብዬ…» አልጨረሰችውም።

ገላነሽ ቸኮለን ትኩር ብላ አየችው። እንደዚያች ቅጽበት ጡረታዋን ተመኝታ አታውቅም።

«ቸኮለ፣ ጋቢህ ላይ ያለው እድፍ ሰማያዊ ነው። ዳቦው ከቀለሙ ጋር ከተገናኘ በኋላ የተነካ ነው። ‹ሳነሳው ነክቶኝ ይሆናል› አልከኝ። ግን አላነሳኸውም፤ ያነሱት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። የሦስት ጣት አሻራ ነው፤ ሰው ሲያጎርስ የሚሰበስባቸው ሦስቱ ጣቶች። አጉርሰኸው፣ ጣትህን በጋቢህ ጥለት ጠረግህ። ሰውም ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።»

ቸኮለ ጋቢውን ሰብስቦ አየው። ከዚያ ቀኝ እጁን አየ። ጽዱ ሥር ቁጭ አለ።

«አፉን ከፈተልኝ» አለ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን። «ዓይኑን ሳይገልጥ ‹ሰይፈ፣ የሚካኤል ነው› ስለው ከፈተልኝ። ከታረቅን ወዲህ የመጀመሪያው ጉርሻዬ ነበር። ጥቂት ሳለ። ‹እሰየው፣ ዋጠው› አልኩ በልቤ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ መምሬ። «ይዤው የመጣሁ እኔ።»

«የኔም ነው» አለች ፀደይ እያለቀሰች። «‹ምግብ› ብቻ ነው ያልኩት። የሀገሬን ሰው እያወቅሁ። ቢዘገይም አስተኝቼ ማቆየት ነበረብኝ።»

ቸኮለ ሁለቱንም አልሰማም። እጁን ወደ ገላነሽ ዘረጋ። «እሰሪኝ።»

«ቃልህን እቀበላለሁ፤ የቀረውን ዳኛ ይየው። ዛሬ ግን ወንድም ትቀብራለህ።»

«የሱን ደምስ ማን ይመልስ?»

ሠርክአዲስ ተነሣች። ቧንቧው ሥር ከተቀመጠው ባልዲ በጣሳ ውሃ ቀድታ መጣች። የቸኮለን ቀኝ እጅ ያዘች፤ ውሃውን ጠብ እያደረገች ጣቶቹን አንድ በአንድ አስታጠበችው። በጥፍሩ ሥር የቀረችውን ሰማያዊ ነገር በራሷ ጥፍር አወጣችለት። እንባዋ በውሃው ላይ ይወርድ ነበር።

«በል ተነሥ» አለችው። «ወንድምህ ይጠብቅሃል።»

ቸኮለ ግን አልተነሣም፤ ወደ ፀደይ ዞረ። ልጅቷ አንድ እርምጃ አፈገፈገች።

«የወንድምሽ ስልክ አለሽ?»

ፀደይ ገላነሽን አየቻት። ገላነሽ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ልጅቷ ደውላ ስልኩን ሰጠችው፤ እሱም እርጥብ እጁን በጋቢው ንጹሕ ጎን ጠርጎ ተቀበላት።

«ንብረት? ቸኮለ ነኝ፤ የሰይፈ ወንድም። አትፍራ፤ በሩን ክፈትና ውጣ። የወንድሜ ደመኛ ተገኝቷል።»

ስልኩን መለሰላትና ሬሳውን ለመሸከም ከፊት ገባ።